ጋሚ በልቼ 911 ደወልኩ

እንቅልፍ ያጣችው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አፍሬ ነው እውነቱን ለመናገር። ግን በኛ ሰው ዘንድ ይሄ ነገር የሚወራው ወይ በሐሜት ወይ በሹክሹክታ ነው፣ ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ።

36 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ። ሲጋራ እንኳን ነክቼ አላውቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ ጋንጃ 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ በሱቅ ይሸጣል። እኛ ሰፈርም አንዱ ተከፍቷል፣ ከውጭ ሲያዩት ፋርማሲ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ወራት ሆኖኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ዓይኔን አየችና አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ሰጠችኝ። ስከፍታት ቀይ፣ ስኳር የተነሰነሰበት፣ ጋንጃ ያለበት ጋሚ። ልጄ ብታየው ከረሜላ ብላ ነው የምታነሳው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዱን በላሁ። 45 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። "ይሄማ ለኔ አይሠራም" ብዬ አንድ ደገምኩ። 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሳህን እያጠብኩ ነበር። የቧንቧው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። እጄን አየሁት፣ የኔ አልመስል አለኝ። ከዚያ ልቤ ይደልቅ ጀመር፣ አፌ ደረቀ፣ አንዷ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነችብኝ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ ነው። ልጄ ተኝታለች። ልሞት ነው፣ ጠዋት የምታገኘኝ እሷ ናት ብዬ 911 ደወልኩ።

የመጡት ሰዎች "ዛሬ የወሰድሽው ነገር አለ?" ሲሉኝ "የለም" አልኩ። ዋሸሁ። ልጄን ልትይዝልኝ የመጣችው ጎረቤቴ፣ ያገሬ ልጅ፣ አጠገቤ ቆማ ነበር። እሷ እንዳትሰማ ነው የዋሸሁት። ስለዚህ ስትሮክ ይሆናል ብለው ጭንቅላቴን ሲቲ ስካን አነሱኝ፣ ደም ቀዱ፣ ልቤን መረመሩ። ሊነጋጋ ሲል ለነርሷ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። "መጀመሪያ ብትነግሪን ይህ ሁሉ አያስፈልግሽም ነበር" ብቻ ነው ያለችኝ።

ምን ነበር የሆንኩት? ጉዳት ጥሎብኝ ይሆን? የሚያውቅ ይንገረኝ።

የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ እንኳን አተረፈሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ያንቺን ዓይነት ሰው ደጋግሜ አያለሁ፣ ከኛውም ሰው ጭምር።

ጋንጃ ሲጨስ በሳንባ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ሰውየው ወዲያው ስለሚሰማው በቃኝ ማለት ይችላል። የሚበላው ግን በሆድ ገብቶ በጉበት በኩል ነው የሚያልፈው። እስኪሰማሽ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ጉበት ደግሞ ቲኤችሲን፣ ማለትም የሚያጦዘውን ንጥረ ነገር፣ ጠንከር ወዳለ መልክ ይቀይረዋል። ጣሪያ የሚነካው እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ እስኪለቅሽ 12 ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። አንቺ ሁለተኛውን ስትበዪ የመጀመሪያው ገና መንገድ ላይ ነበር። ሁለቱ ባንድ ላይ ደረሱብሽ።

መጠኑንም እዪው፣ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። ሜሪላንድ ውስጥ ሱቅ የሚሸጠው አንድ ፍሬ እስከ 10 ሚሊግራም ቲኤችሲ ሊኖረው ይችላል። ተመራማሪዎች እንደ አንድ መለኪያ የሚቆጥሩት 5 ሚሊግራሙን ነው። ወስዶ ለማያውቅ ሰው 2 ተኩል ይበቃዋል፣ የፍሬው ሩብ ማለት ነው። አንቺ 20 ወስደሽ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ደርሶ ያለፈ ነገር ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ጠባሳ አይተውም፣ አትስጊ። የልብ ሕመም ላለበት ግን የልብ ምቱ መፍጠን ብቻውን አደጋ ነው። ለሐኪምሽ ንገሪው፣ እንቅልፍ ያጣሽበትንም ምክንያት ይይልሽ።

እንዲህ የሆነ ሰው ቤታችሁ ካጋጠማችሁ ብቻውን አትተዉት። መብራቱን ቀንሱ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት፣ "ጋንጃው ነው፣ ያልፋል" እያላችሁ ደጋግማችሁ ንገሩት። ቡናም አልኮልም አይጠጣ። የመኪናውን ቁልፍ ውሰዱበት። ደረቱን ካመመው፣ ከወደቀ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ካለ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን 911 ነው። ሲመጡም እውነቱን ንገሯቸው። እኛ ፖሊስ አይደለንም።

አቤል ዲሲ፦

ሰው ባታስፈራሩ ጥሩ ነው። እኔ ማጨስ ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ አንድ አጨሳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሥራዬን አላጣሁም፣ ማንንም አልመታሁም። በውስኪ ስንቱ ቤት ፈረሰ፣ ስንቱ ወንድማችን ጉበቱ አልቆ ተቀበረ። ያንን ግን በሠርግም በልደትም በእጃችን እየቀዳን እናጠጣለን። ዲሲ እኮ ሕዝቡ በ2014 ድምፅ ሰጥቶ ነው የፈቀደው፣ ከ2015 ጀምሮ እስከ 2 አውንስ መያዝ ይቻላል። በጋንጃ ብዛት ትንፋሹ ቆሞ የሞተ ሰው አሳዩኝ።

የሌሊት ተረኛ፦

አቤል፣ በአልኮሉ ልክ ነህ። አዋቂ ሰው ላይም እንደ ሄሮይን ትንፋሽ አያቆምም፣ እሱንም እቀበልሃለሁ። ግን አልገደለም ማለት አልጎዳም ማለት አይደለም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሚያዘው ጋንጃ ውስጥ ቲኤችሲው 4 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን 15 በመቶ አካባቢ ነው። ሰም የሚመስለውና ቬፕ (በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ) ውስጥ የሚገባው ቅባት ደግሞ ከ60 በመቶ ይበልጣል። ስሙ ያው ጋንጃ ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ ሆኗል። ከሚጠቀሙት ከ10ሩ ወደ 3ቱ ማቆም የሚያቅታቸው ደረጃ እንደሚደርሱ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ይናገራል። በልጅነት የጀመሩት ላይ ይብሳል፣ አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ነውና።

ካላቆምክ ግን ቢያንስ እንዲህ አድርግ። ጭሱን አፍነህ አትያዘው፣ የሚጨምርልህ ነገር የለም፣ ሳንባህ ላይ ጥቀርሻ ነው የሚጨምርብህ። ከትምባሆ ጋር አትቀላቅለው። ከመጠጥ ጋር አትደርበው፣ አልኮል ካለ ደምህ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ ከፍ ይላል፣ ድብልቁ ነው ሰውን መሬት ላይ የሚጥለው። ቬፕ ከመንገድ ላይ አትግዛ። በ2019 የተነሳውን የሳንባ ሕመም ታስታውሳለህ? እስከ 2020 መጀመሪያ ከ2,800 በላይ ሰው ሆስፒታል ገብቶ 68 ሰው ሞቷል። ዋናው ምክንያት ሕገ ወጥ የቲኤችሲ ቬፕ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር። ኬቱ ወይም ስፓይስ የሚሉትን በኬሚካል የተረጨ ቅጠል ደግሞ ከነጭራሹ አትንካ። እሱ ጋንጃ አይደለም። በሱ የመጣ ሰው ስንቀበል ምን እንደሚሆን እኛም አናውቅም።

አጭሰህ መኪና አትንዳ። "እኔ ስጦዝ ይበልጥ ተጠንቅቄ ነው የምነዳው" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹን ከአልጋ ላይ ነው የማገኛቸው።

ባለ 18 ጎማ፦

የኔ ታሪክ ሾፌር ወንድሞቼን ይመለከታል። ትራክ ስነዳ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወገቤን አመመኝና አንድ ሰው ሲቢዲ የሚባል ጠብታ ሰጠኝ፣ ከጋንጃው ተክል የሚወጣ ግን የማያጦዝ ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ ቲኤችሲ የለውም ይላል። ከምላሴ ሥር እያደረግኩ ሁለት ወር ወሰድኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ጭነት ልቀበል ስሄድ "ለሽንት ምርመራ ተመርጠሃል" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት፣ ምን ያስፈራኛል ብዬ። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ፖዘቲቭ።

አጨስክ አላጨስክ አይጠይቁህም። ትራክ በፌዴራል ሕግ ነው የሚነዳው፣ የግዛቱ ሕግ እዚህ ጋ አይሠራም። ሲቢዲ ነው የወሰድኩት ማለትም ተቀባይነት የለውም። ስምህ ክሊሪንግሃውስ የሚባል የፌዴራል መዝገብ ላይ ይገባል። መዝገቡ ከ2020 ጀምሮ አለ፣ ሥራ የሚቀጥርህ ሁሉ ያየዋል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ግዛቱ ራሱ የንግድ መንጃ ፈቃድህን ያወርደዋል። ለመመለስ የሱስ ባለሙያ ጋ ሄጄ ተገመገምኩ፣ ትምህርት ወሰድኩ፣ ከዚያ አንድ ሰው ቆሞ እያየኝ ሸናሁ። በ40 ዓመቴ። ከዚያም በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ ስድስት ድንገተኛ ምርመራ አለብህ። ለመኪናው የወር ክፍያ የሚጠብቀኝ የለም፣ ትራኬን ሸጥኩ።

አልፎ አልፎ የሚወስድ ሰው ሽንቱ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይቆያል። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ላይ ግን ከወር በላይም ሊገኝ ይችላል፣ ስቡ ውስጥ ነውና የሚቀመጠው። አርብ አጭሼ ሰኞ እነጻለሁ የምትሉ አስቡበት።

ወረቀት ጠባቂ፦

ባለ 18 ጎማ ልቤን ነካኸው። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት ላመለክት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ተፈቅዷል ተብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ችግር አለው እንዴ?

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ፦

አለው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ እዚያ ስሠራ ያየሁትን ነው የምነግርህ። ጋንጃ በፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ የፌዴራል ነው። በኤፕሪል 2019 ያወጡት መመሪያ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳን መጠቀም የመልካም ጠባይ መስፈርቱን ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ ይላል። ፍርድ ቤት ሳትቀርብ፣ በአፍህ ማመንህ ብቻ ሊበቃ ይችላል። በሱቁ ተቀጥሮ መሥራትም እንዲሁ። ልጆቻችን ካሸር ሆነው እየገቡ ነው፣ ወላጆች ይህን አያውቁም።

ፎርሙ ላይ አትዋሽ፣ መዋሸቱ ሌላ ጥፋት ነው። ሳታመለክት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር። ስልክህ ላይ ያለውን ፎቶና ጽሑፍም አስብበት። ከአገር ስትወጣና ስትገባ ደግሞ ቅጠል የምትመስል ነገር ሁሉ ቤት ትቅር።

ከሐዋሳ፦

ከአገር ቤት ነኝ። በበዓል ስትመጡ ለሰው እሰጣለሁ ብላችሁ ጋሚ ይዛችሁ አትምጡ እባካችሁ። እዚህ በወንጀል ሕጉ እስር ነው። ሻሸመኔ አለ አይደል የምትሉ አላችሁ። ንጉሡ በ1948 (እ.ኤ.አ.) መሬት የሰጧቸው ራስታዎች ለእምነታቸው ይጠቀሙበታል፣ ግን እዚያም ሕጉ ያው ነው። በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በጂዳ የምታልፉ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፣ ሳዑዲ ዕፅ በማዘዋወር ሞት ይፈርዳል።

እዚህ አሁን የማየው ሌላ ነው። ቀን ሙሉ ጫት ቅመው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጋንጃ የሚያጨሱ ልጆች በዝተዋል። ልባቸውን ወደ ላይ አስሩጠው ወደ ታች ይጎትቱታል። ጓደኛዬ አንድ ቀን ከንፈሩ ገርጥቶ ወድቆብን ነበር።

እህቱ ነኝ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር።

ወንድሜ አሜሪካ ሲመጣ 17 ዓመቱ ነበር። ጎበዝ ልጅ፣ ሒሳብ የሚወድ። ኮሌጅ ሲገባ ያንን ቬፕ ጀመረ፣ ጠዋት ተነስቶ ከጥርሱ በፊት እሱን ነበር የሚያነሳው። እኛ ሽታ ስለሌለው አላወቅንም። በ21 ዓመቱ መስኮቱን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈነው። ስልኩን ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ሥር ደበቀው። እናቴ ቡና ስታቀርብለት "መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው" አላት። እናቴ ቀመሰችለት። እሱ ግን አልጠጣም።

ሰው ነክቶታል ብለን ጸበል ወሰድነው። ሦስት ሳምንት። መጨረሻ ላይ ያጠመቁት አባት ራሳቸው "ልጆቼ፣ ጸበሉ ሐኪምን አይከለክልም፣ ሐኪም ጋም ውሰዱት" አሉን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሙ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ "በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም አለ?" የሚል ነበር። እናቴ አጎንብሳ ቆየችና ወንድሟ አማኑኤል ሆስፒታል ይመላለስ እንደነበር ያን ቀን ተናገረች። እኔ እንኳን አላውቅም ነበር። 30 ዓመት ተደብቆ ነበር።

ሐኪሙ ሲያስረዳን ጋንጃ የሚወስድ ሁሉ እንዲህ አይሆንም፣ ግን በዘር ያለበት ሰው ላይ፣ በልጅነቱ ከጀመረ፣ ጠንካራውን በየቀኑ ከወሰደ በጣም ያባብሳል አለ። በ2019 የወጣ አውሮፓና ብራዚል ውስጥ የተሠራ ጥናትም ነግሮናል። ጠንካራውን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ጨርሶ ካልነካው ሰው ጋር ሲነጻጸር ለሳይኮሲስ፣ ማለትም እውነቱን ከቅዠት መለየት ለሚያሳጣ የአእምሮ ሕመም፣ ያለው ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ወንድሜ አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ጋንጃውን ትቷል፣ ሱቅ ውስጥ በከፊል ይሠራል። ሒሳቡን ግን አልተመለሰበትም።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። አጎትህ ታምሞ ነበር፣ አንተ ይህን ነገር መንካት የለብህም በሏቸው። ደብቃችሁ አታስቀሩት።

የመንታ እናት፦

እህቴ ጽናቱን ይስጣችሁ። እኔ ስለ ትንንሾቹ ልጨምር። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቤት የተከራየን ልጅ ጃኬት ኪስ ውስጥ ጋሚ አግኝታ በላች። እኛ የደከማት መስሎን አስተኛናት። ራት ልቀሰቅሳት ብል አንገቷ እንደ ጨርቅ ይወድቃል። ሆስፒታል አንድ ሌሊት አደረች፣ ትንፋሿን እየተከታተሉ። ልጆች ላይ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፣ አቤል ያልከው ለትልቅ ሰው ነው።

የመርዝ መረጃ መስመር አለ፣ 1-800-222-1222። በነፃ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ብትጠይቁ ያገናኛችኋል። ልጁ ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ግን በቀጥታ 911። የሚጠቀም ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ በቁልፍ ይቀመጥ። ከፍ ያለ ቦታ አይበቃም፣ ወንበር ይጎትታሉ። እርጉዞችና የምታጠቡም ተዉት፣ በእትብቱም በጡት ወተቱም ይተላለፋል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

ልጆቼ፣ የምጽፈው በልጄ እጅ ነው። እኔ 63 ዓመቴ ነው። ስለ ወንድ ልጄ ልጠይቅ። 27 ዓመቱ ነው። ጨጓራ ነው ብለን ዓመት ተመላለስን። ይመጣበታል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፣ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ እንኳን አይቀመጥለትም። ተልባ ሰጠሁት፣ ቃሪያና በርበሬ ከለከልኩት። በካሜራም አዩት፣ ምንም የለም አሉት። የሚገርመኝ ሻወር ውስጥ ገብቶ አይወጣም። የሚያቃጥል ውሃ ለቆ ቁጭ ይላል፣ በቀን አምስቴ። ጀርባው ቀልቷል። እሱ ደግሞ ያጨሳል፣ ማቅለሽለሹን ያስታግስልኛል ይላል።

የሌሊት ተረኛ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ያሳየዎት። ይህን ሙቅ ውሃ ያሉትን ለሐኪም ነግረውት ያውቃሉ? ብዙ ዓመት፣ በብዛት የሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሚመጣ ሕመም አለ፣ ይህንኑ ይመስላል። ጋንጃ በትንሹ ማቅለሽለሽ ያስታግሳል፣ ለካንሰር ሕሙማንም ከሱ የተሠራ መድኃኒት ይታዘዛል። በብዛትና ለዓመታት ሲሆን ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ይገለበጣል፣ እሱ ራሱ ያስመልሳል። የሚያስታግሰው ሙቅ ውሃ ነው፣ የተለመደው የማስመለሻ ማቆሚያ ብዙም አይሠራም። የሚያድነው ማቆም ብቻ ነው። እኔ በጽሑፍ መመርመር አልችልም፣ ግን ለሐኪሙ ሁለቱንም ይንገር፣ ማጨሱንም ሻወሩንም። እስከዚያው ውሃ ካልተቀመጠለት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፣ ፈሳሽ ማጣቱ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። አይቆጡት እማማ። ማስታገሻ መስሎት ነው።

አቤል ዲሲ፦

ይህን ክር ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሱስ የለብኝም ካልኩ ለምን አንድ ሳምንት አልተወውም አልኩ። በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ የለም። በሦስተኛው አንሶላው በላብ ራሰ። ምግብ ጠላሁ፣ እህቴ ደውላ ደህና ነህ ስትለኝ ጮህኩባት። ስምንት ዓመት ምንም አላደረገኝም ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን አጨስኩ። ይህን ለእናንተ ነው የምናገረው እንጂ ለጓደኞቼ አልተናገርኩም።

የሌሊት ተረኛ፦

አቤል፣ አምስት ቀን ትልቅ ነገር ነው። ያልከው ሁሉ የሚጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይበረታል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይቀላል፣ ሕልምህ ሊበዛ ይችላል እሱም ያልፋል። ባንዴ ካቃተህ ሰዓቱን አዘግየው፣ ከማታ 1 ሰዓት ወደ 3፣ ከዚያ ቀን ዝለል። ዝቅተኛ ቲኤችሲ ያለውን ምረጥ። ለዚህ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፣ ግን የምክር ሕክምና ይረዳል። እህትህንም ደውልላት፣ ምን እንደሆንክ ንገራት።

እንቅልፍ ያጣችው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ታይሮይድ ሆኖ ተገኘ እንቅልፍ ያሳጣኝ፣ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። ጎረቤቴንም ቡና ጠርቼ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "የኔም ልጅ መሳቢያ ውስጥ አይቻለሁ፣ ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነው" አለችኝ። ይህን ገጽ ላክሁላት።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

ልጆቼ ተባረኩ። ልጄ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገረው፣ እናንተ ያላችሁትን ነው ያሉት። ማጨሱን ካቆመ ዛሬ 19 ቀኑ ነው። መጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር፣ አጠገቡ ምንጣፍ አንጥፌ ነው ያደርኩት። ትናንት ሽሮ ሠራሁለት፣ ሁለት እንጀራ በላ። ከበር ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ሻወሩ አልተከፈተም።